ኃይሉ ከእግር ነው

ሶፍትቦል የክንድ ጨዋታ ነው የሚሉ ጓደኞቻችን ተሳስተዋል እንላለን። ወርዋሪዋ 13 ሜትር ያህል ወደምትርቀው መቺ ኳሷን ስትለቅ ኃይሉ የሚነሣው መሬት ከምትገፋበት እግሯ ነው፤ በዳሌና በወገብ አልፎ ክንድ ላይ የሚደርሰው በመጨረሻ ነው። እግርና ወገብ ከደከሙ ሸክሙ በትከሻ ላይ ይወድቃል። ጃፓናዊቱ ዩኪኮ ኡዌኖ እ.ኤ.አ. በ2008 በቤጂንግ ኦሊምፒክ በሁለት ቀን 413 ኳስ ወርውራ አገሯን ለወርቅ አበቃች፤ በ2021 በቶኪዮ፣ በ39 ዓመቷ፣ ዳግመኛ ወርቅ አገኘች። ይህ በአንድ ሳምንት ልምምድ አይገኝም። የእኛ ሴቶች ቡድን ግን የሚታወሰው ውድድር ሲደርስ ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት ወርዋሪያችን ትከሻዋን ይዛ ስትወጣ «ዕድሏ ነው» ብለን ተበተንን። ዕድሏ አልነበረም፤ ቸልታችን ነበር። በሳምንት ሁለት ቀን የክብደትና የአጭር ሩጫ ልምምድ ዓመቱን ሙሉ ይሰጣቸው። ጭብጨባው ከዚያ በኋላ ይምጣ።