ማሻሻያው ሳይፈተን ገበያ አይውጣ

መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ካላቸው ሂሳብ በላይ ገንዘብ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አደሩ። 801 ሚሊዮን ብር ያህል መወሰዱ ተገለጸ። ችግሩም የሳይበር ጥቃት ሳይሆን በሲስተሙ ላይ ከተደረገ ማሻሻያ ጋር የተያያዘ ነበር።

እንዲህ ያለውን ስህተት አስቀድሞ ለመያዝ የሚረዳው ዘዴ ያን ያህል ውድ አይደለም። የመፈተሻው ፕሮግራም አንድ ጊዜ ይጻፋል፤ የሚፈተኑት ቁጥሮች ግን ለብቻቸው በሠንጠረዥ ይቀመጣሉ። በአንዱ መስመር ሂሳብ 100 ብር፣ ወጪ 500፣ የሚጠበቀው መልስ «አይቻልም»። በሌላው ሂሳብ 500፣ ወጪ 500፣ «ይቻላል»። ፕሮግራሙ ድረ ገጹን እንደ ደንበኛ ከፍቶ መስመሮቹን በየተራ ያስገባል፤ አንዱ መልስ እንኳ ከተለየ ማሻሻያው ሥራ ላይ አይውልም። አዲስ ጉዳይ ሲመጣ የሚጨመረው መስመር ብቻ ነው።

ጣጣው ሠንጠረዡን የሚሞላው ማነው የሚለው ላይ ነው። ለፕሮግራመሩ ብቻ ከተተወ የሚያስገባው ራሱ ያሰበውን ነው። ኔትወርክ ተቋርጦ አንድ ክፍያ ሁለቴ ሲላክ ያየው ግን የቅርንጫፉ ገንዘብ ከፋይ ነው (እሱን ደግሞ ማን ይጠይቀዋል?)። የባንክ አክሲዮን የሚገዛ ባለሀብትም በጠቅላላ ጉባኤው ላይ ስለ ትርፍ ድርሻው ብቻ ሳይሆን ሠንጠረዡን ማን እንደሞላው መጠየቅ ይገባዋል።