ኳስ ከመመታቱ በፊት የሚጻፍ አንድ ገጽ

የክፍል ለክፍል እግር ኳስ ውድድር ሲቃረብ ትምህርት ቤቶቻችን የሚያደርጉት ዝግጅት ያስደስታል። ማሊያ ይገዛል፣ ዋንጫ ይታዘዛል፣ ሚኒ ሚዲያው ድምፅ ማጉያውን ከማለዳው ጀምሮ ይሞክራል። አንድ ጥያቄ ግን እምብዛም አይነሳም። ተማሪ ሜዳ ላይ ወድቆ ባይነሳ፣ በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ማን ምን ያደርጋል?

በየካ ክፍለ ከተማ ጥያቄው ይከብዳል። ከፈረንሳይ ለጋሲዮንና ከቤላ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ሲወጣ መንደሩ ዳገት፣ መንገዱም ጠባብ ነው። በኮተቤ በኩል መሬቱ ሰፋ ቢልም ወደ መሀል ከተማ የሚሄደው አብዛኛው መኪና በመገናኛ ነው የሚያልፈው፤ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ መገናኛ ምን እንደሚመስል ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። አምቡላንስ ፈጥኖ ቢነሳ እንኳ ደቂቃዎች ያልፋሉ። እነዚያ ደቂቃዎች የሐኪም አይደሉም። የስፖርት መምህሩ፣ የዩኒት ሊደሩና የዘበኛው ናቸው።

አሁን በተለምዶ የሚሆነውን እናውቃለን። ሁሉም ይሮጣል። አንዱ ውኃ ያፈስበታል፣ ሌላው ብብቱን ይዞ ሊያስቀምጠው ይሞክራል፣ ከዚያ ሁለት ጎረምሶች እጅና እግሩን አንጠልጥለው ያገኙት ታክሲ ውስጥ ያስገቡታል። ደግነት ነው። ይሁን እንጂ ልጁ በጭንቅላቱ ወድቆ የአንገት አጥንቱ ተሰብሮ ከሆነ፣ ያ ማንጠልጠል ደህና የነበረውን ኅብለ ሰረሰር ሊጎዳውና ልጁን ዕድሜ ልኩን ሽባ ሊያደርገው ይችላል። አንገቱን የሚያመው፣ እጁና እግሩ የሚደነዝዘው ወይም ራሱን የሳተ ልጅ በወደቀበት ይቆይ። አንድ ሰው ተንበርክኮ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ሳያዞር ይያዝ። ውኃም ሆነ ምግብ አይሰጠው።

ይህን ደንብ የሚሽር አንድ ነገር ብቻ አለ፤ እሱም ትንፋሽ ማጣት ነው። ማንም ሳይነካው በሩጫ ላይ የሚወድቅ፣ ወይም ኳስ ደረቱን መትቶት የሚዘረር ልጅ ልቡ ቆሞ ሊሆን ይችላል። አልፎ አልፎ የሚሰማ ማጣጣር መተንፈስ አይደለም። በደረቱ መሀል ላይ፣ ወደ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል እየጠለቁ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን ወዲያው ይጀመር፤ የሰለጠነ ሰው ካለ ትንፋሽም ይስጠው። እርዳታ ሳያገኝ በሚያልፍ በእያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድሉ ከመቶ ከ7 እስከ 10 እጅ ይቀንሳል። ሰኔ 5 ቀን 2013 ዓ.ም. የዴንማርኩ ክርስቲያን ኤሪክሰን በኮፐንሃገን ከፊንላንድ ጋር ሲጫወት ወድቆ ልቡ ቆሞ እንደነበር ብዙዎቻችን በቴሌቪዥን አይተናል። የሕክምና ቡድኑ እዚያው ሣር ላይ ደረቱን ተጭኖ፣ ዲፊብሪሌተር የሚባለውን ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስነሳ መሣሪያ ተጠቅሞ አተረፈው፤ ኤሪክሰንም ወደ ሜዳ ተመልሷል። መሣሪያው ለየትምህርት ቤቱ ይገዛ ብል የሚሰማኝ አይኖርም፤ ደረት መጫን ግን የሚፈልገው ሁለት እጅ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ተነስቶ የሚሄደው ልጅ ነው። ጭንቅላቱን ተመትቶ ለአፍታ ይደነግጣል፣ ከዚያ "ደህና ነኝ" ይላል፣ ጨዋታውንም ይጨርሳል። በራስ ቅልና በአንጎል መካከል ያለ የደም ሥር ተቀዶ ከሆነ ደሙ ቀስ እያለ ይጠራቀማል፤ ልጁ ለሰዓታት ሲያወራ ቆይቶ ማታ ቤቱ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። እናት "ዛሬ ኳስ ተጫውቶ ደክሞት ነው" ብላ ታስተኛዋለች፤ ምን እንደደረሰበት የነገራት የለም። ስለዚህ ጭንቅላቱን የተመታ ልጅ የዚያን ቀን ወደ ጨዋታ አይመለስ። ወላጁ በስልክ ይነገረው፣ ልጁም ወረቀት ይዞ ይሂድ፤ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ ከበረታ፣ ከወትሮው የተለየ እንቅልፍ ከያዘው፣ ንግግሩ ከተዘበራረቀ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ከጆሮውና ከአፍንጫው ንጹሕ ፈሳሽ ከወጣ በሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ይወሰድ።

ስብራትን በተመለከተ ወጌሻን ማንቋሸሽ አልሻም፤ ብዙ ቤተሰብ የሚያምነው ሰው ነው። ሆኖም አዲስ ስብራት ላይ ጠብቆ የታሰረ ቀርከሃ ደም አግዶ ጋንግሪን እንደሚያመጣና እጅ ወይም እግር እንደሚያስቆርጥ በአገራችን ሆስፒታሎች በተደጋጋሚ የታየ ነው። የተሰበረው አካል ሳይጎተት ባለበት ይደገፍ፤ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ ወይም ከጠቆሩ ማሰሪያው ይላላ።

እንግዲህ ገጹ ላይ ምን ይጻፍ? ሜዳ ላይ የሚቆየው ማን ነው፣ ስልክ የሚደውለው ማን ነው፣ በር ከፍቶ መንገድ ላይ አምቡላንሱን የሚጠብቀው ማን ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የእሳትና አደጋ ሥጋት ኮሚሽን 939 በትልቁ ይጻፍ። አምቡላንሱ ቤቱን እንዲያገኝ በአቅራቢያው ያለ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ ወይም የታክሲ ማዞሪያ ስም አብሮ ይቀመጥ፤ ዳገት ላይ የቤት ቁጥር ብቻ አያደርስም። ቅርቡ ጤና ጣቢያ የትኛው እንደሆነ፣ ለከባድ ጉዳት ደግሞ የካ ኮተቤ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ወይም ለአደጋ ሕክምና የተቋቋመው አቤት ሆስፒታል ምን እንደሚቀበል አስቀድሞ ተጠይቆ ይታወቅ። የልብ ሕመም፣ አስም፣ የሚጥል በሽታ ወይም ስኳር ያለባቸው ተማሪዎች ዝርዝር በስፖርት መምህሩ እጅ ይሁን። (የሚጥል በሽታ የያዘውን ልጅ ክብሪት ማሽተትና አፉ ውስጥ ማንኪያ መክተት ይቅር፤ በጎኑ ማስተኛት ይበቃል።) ወላጅ እስኪመጣ መጠበቅ እንደማያስፈልግም በመስከረም ምዝገባ ላይ ወላጆች ፈርመው ይስማሙበት። ብዙ ርዕሰ መምህራን የሚዘገዩት ከጭካኔ ሳይሆን "ቢሞትብኝስ" ከሚል ፍርሃት ነው።

በጀት የለም የሚል መልስ እጠብቃለሁ። ወረቀትና ማርከር ከዋንጫ አይወደዱም። በብዙ ትምህርት ቤት የቀይ መስቀል ክበብ አለ፤ በሰልፍ ላይ ከመታየት አልፎ ለመምህራኑ ጭምር ሥልጠና እንዲያመጣ ይታዘዝ። እግረ መንገዴን፦ መሬት ላይ ያልታሰረ የብረት ጎል ልጅ ሲንጠለጠልበት ተገልብጦ ይገድላል፤ ዛሬውኑ ይታሰር።

ገጹ ከተለጠፈ በኋላ በሴሚስተር አንድ ጊዜ ይሞከር። አንድ ተማሪ እንደወደቀ ሆኖ ይተኛ፣ ርዕሰ መምህሩ ሰዓት ይያዝ። ዘበኛው ምሳ ሲሄድ የበሩ ቁልፍ ማን ጋ እንደሚቀር የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።