የአሽከርካሪዎች የእንቅልፍ ሕመምና የአፍ ውስጥ መሣሪያ፦ ከአዋሽ እስከ ሰመራ

ኢትዮጵያ ከወጪና ገቢ ንግዷ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነውን የምታስተናግደው በጅቡቲ ወደብ በኩል እንደሆነ ይታወቃል። የአዲስ አበባ ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር እ.ኤ.አ. በጥር 2018 የንግድ አገልግሎት ቢጀምርም፣ አብዛኛው ጭነት አሁንም የሚጓጓዘው በከባድ ተሽከርካሪዎች ነው። ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ በምትገኘው አዋሽ ሰባት ኪሎ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው ወደ ድሬዳዋና ሐረር ሲያቀና፣ ሌላው ወደ ሰሜን ታጥፎ በገዋኔ፣ በሚሌና በሎጊያ በኩል የአፋር ክልል ርዕሰ ከተማ ወደሆነችው ሰመራ፣ ከዚያም ወደ ጋላፊ ኬላ ያመራል።

በአዋሽና በሰመራ መካከል ያለው 360 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ በአብዛኛው ሜዳማና ሞቃት በሆነ ቆላ የሚያልፍ ነው። በሰመራና በአካባቢዋ የበጋው ወበቅ አልፎ በክረምቱ ወራት የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ይደርሳል። ሙቀቱን ለመሸሽ ሌሊት የሚጓዝ አሽከርካሪ ቀን ለመተኛት ይገደዳል። ቀን ለመተኛት የሚሞክረው ደግሞ በጋለ ጋቢና ውስጥ ወይም በመንገድ ዳር ማረፊያ ነው። በመሆኑም በዚህ መስመር የእንቅልፍ ጉዳይ ከግል ምቾት አልፎ የመንገድ ደኅንነት ጉዳይ ይሆናል።

በመሪ ላይ የሚመጣ እንቅልፍ በተለምዶ የድካም ውጤት ተደርጎ ይወሰዳል። መፍትሔውም ቡና፣ ጫት ወይም ፊትን በቀዝቃዛ ውኃ መታጠብ እንደሆነ ይታሰባል። ይሁንና ስምንት ሰዓት ተኝቶ የተነሣ ሰው ጭምር ቀኑን ሙሉ ሲያንቀላፋ የሚታይበት፣ በሕክምና ሊስተካከል የሚችል ሕመም አለ። ይኸውም በእንቅልፍ ጊዜ የሚከሰት የትንፋሽ መቋረጥ ወይም ስሊፕ አፕኒያ የሚባለው ነው።

ሰው ሲተኛ የምላስና የጉሮሮ ጡንቻዎች ይላላሉ። በአንዳንድ ሰዎች ላይ ምላስ ወደ ኋላ ተንሸራቶ የአየር መተላለፊያውን ያጠብበዋል ወይም ፈጽሞ ይዘጋዋል። ትንፋሹ 10 ሴኮንድ ወይም ከዚያ በላይ ሲቋረጥ በደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ይቀንሳል፣ አእምሮም ደንግጦ ሰውየውን ከጥልቅ እንቅልፍ ያነቃዋል። ይህ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከ5 እስከ 15 ጊዜ ሲደጋገም ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 ጊዜ ሲሆን መካከለኛ፣ ከ30 በላይ ሲሆን ደግሞ ከባድ ደረጃ ላይ ደርሷል ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነ ጥናት በመላው ዓለም ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 69 ዓመት ከሆኑ ሰዎች መካከል 936 ሚሊዮን የሚሆኑት ይህ ችግር እንዳለባቸው ገምቷል። ሕመሙ ከደም ግፊት፣ ከልብ በሽታና ከስትሮክ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ጉዳቱ በመንገድ ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም።

የችግሩ ልዩ ባሕርይ ባለቤቱ ሳያውቀው የሚኖር መሆኑ ነው። የተኛ ሰው የራሱን ማንኮራፋትም ሆነ የትንፋሹን መቋረጥ አይሰማም። የመጀመሪያው ምስክር ባለቤቱ ወይም በጋቢናው ውስጥ አብሮት የሚያድር ረዳቱ ነው። ከፍተኛ ማንኮራፋት፣ በመካከሉ ድንገተኛ ጸጥታ፣ ቀጥሎም እንደታነቀ ሰው በኃይል መተንፈስ ዋነኞቹ ምልክቶች ናቸው። ጠዋት የሚሰማ ራስ ምታትና በቀን የሚመጣ ከባድ እንቅልፍ ይከተላሉ። ከመጠን ያለፈ ውፍረትና ወፍራም አንገት ተጋላጭነትን ይጨምራሉ። ሆኖም የታችኛው መንጋጋቸው አነስተኛ ወይም ወደ ኋላ የገባ ቀጫጭን ሰዎችም ሊታመሙ ይችላሉ።

አደጋው በአሽከርካሪዎች ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ እ.ኤ.አ. በ2016 በአሜሪካ የከባድ ጭነት አሽከርካሪዎች ላይ የወጣ ጥናት አመልክቷል። ሕመሙ እንዳለባቸው ተረጋግጦ የታዘዘላቸውን ሕክምና ያልተጠቀሙ አሽከርካሪዎች፣ ሊወገድ ይችል የነበረ ከባድ አደጋ ያደረሱበት መጠን ከጤነኛ ባልደረቦቻቸው በአምስት እጥፍ ገደማ ከፍ ያለ ነበር። ሕክምናውን በአግባቡ የተከታተሉት ግን ከሌሎቹ አሽከርካሪዎች ጋር ተቀራራቢ ውጤት አሳይተዋል። አደጋውን ያበዛው እንግዲህ ሕመሙ ሳይታከም መቆየቱ ነው።

ለዚህ ሕመም በስፋት የሚታዘዘው ሲፓፕ የተባለው መሣሪያ ሲሆን፣ በአፍንጫ ወይም በፊት ላይ በሚጠለቅ ጭምብል አማካይነት አየር በግፊት እየላከ ጉሮሮ እንዳይዘጋ ያደርጋል። አውስትራሊያዊው ሐኪም ኮሊን ሱሊቫንና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1981 ያስተዋወቁት ይህ መሣሪያ እስካሁን በፈዋሽነቱ ቀዳሚ ነው። ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል፣ ማጣሪያው ከአቧራ መጠበቅ አለበት፣ ጭምብሉንም ብዙ በሽተኞች አይለምዱትም። አንድ ሌሊት በአዋሽ፣ ሌላውን በሚሌ ወይም በሎጊያ ጋቢና ውስጥ ለሚያድር ሰው እነዚህ ጥያቄዎች ቀላል አይደሉም።

ሁለተኛው አማራጭ በአፍ ውስጥ የሚደረገው መሣሪያ ነው። መሣሪያው በላይኛውና በታችኛው ጥርስ ላይ የሚገጠሙ ሁለት ክፍሎች ያሉት ሲሆን፣ የታችኛውን መንጋጋ በጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ፊት ገፍቶ ይይዘዋል። ምላስ ከታችኛው መንጋጋ ጋር የተያያዘ በመሆኑ መንጋጋው ወደ ፊት ሲመጣ ምላስም አብሮ ይመጣል፣ የጉሮሮው መተላለፊያም ይሰፋል። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፣ ድምፅ የለውም፣ በኪስ ሊያዝ በሚችል ሣጥን ይቀመጣል።

እ.ኤ.አ. በ2013 በአውስትራሊያ 126 በሽተኞች እያንዳንዱን መሣሪያ ለአንድ ወር እንዲሞክሩ ተደርጎ ነበር። የትንፋሽ መቋረጥን በመቀነስ ረገድ ሲፓፕ በልጦ ተገኝቷል። ይሁንና በሽተኞቹ እንደገለጹት ሲፓፕን በሌሊት በአማካይ 5.2 ሰዓት፣ የአፍ ውስጥ መሣሪያውን ደግሞ 6.5 ሰዓት ተጠቅመዋል። በቀን የሚሰማቸው እንቅልፍም ሆነ ሲሙሌተር በተባለው የማሽከርከር መለማመጃ ላይ ያሳዩት ብቃት በሁለቱም በተመሳሳይ መጠን ተሻሽሏል። የሙከራው ጊዜ አጭር ቢሆንም ትምህርቱ ግልጽ ነው። የአንድ ሕክምና ጥቅም የሚለካው በኃይሉ ብቻ ሳይሆን በሽተኛው በየሌሊቱ በሚጠቀምበት ሰዓት ጭምር ነው።

ይህ ሲባል መሣሪያው ለሁሉም ይበጃል ማለት አይደለም። ጥናቶች እንደሚያመለክቱት ከሦስት ተጠቃሚዎች ለአንዱ ያህል በቂ ውጤት አይሰጥም። ሕመሙ ከባድ ደረጃ ላይ ለደረሰ ሰው በቅድሚያ የሚመከረው ሲፓፕ ነው። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምናና የእንቅልፍ የጥርስ ሕክምና ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት የጋራ መመሪያ የአፍ ውስጥ መሣሪያ ሲፓፕን መቋቋም ላልቻሉ ወይም ሌላ አማራጭ ለሚመርጡ አዋቂዎች እንዲታዘዝ፣ በሠለጠነ የጥርስ ሐኪም በልክ እንዲሠራ፣ ከተገጠመም በኋላ የእንቅልፍ ምርመራው እንዲደገም መክረዋል። የመጨረሻው ነጥብ ለአሽከርካሪ ከሁሉም ይበልጣል። ማንኮራፋቱ ቆሞ የትንፋሹ መቋረጥ ሊቀጥል ስለሚችል፣ የረዳቱ ምስክርነት ብቻውን መዳንን አያረጋግጥም።

የአዋሽ ሸለቆ ሁኔታም የራሱን ጥንቃቄ ይጠይቃል። በስምጥ ሸለቆ በርካታ አካባቢዎች የከርሰ ምድር ውኃ ከፍተኛ ፍሎራይድ እንዳለው፣ በወንጂና በመተሐራ አካባቢም ይህ በጥርስ ላይ ያደረሰው ጉዳት ለረጅም ጊዜ ሲጠና እንደቆየ ይታወቃል። መሣሪያው የሚደገፈው በጥርስ ላይ በመሆኑ ጥርሳቸው የተጎዳ፣ የተነቃነቀ ወይም ብዙ የጎደለ ሰዎች አስቀድመው ሊመረመሩና ሊታከሙ ይገባል። መሣሪያው የሚሠራው ከፕላስቲክ መሰል ቁስ በመሆኑም በፀሐይ በጋለ ዳሽቦርድ ላይ ቢተው ቅርጹ ሊበላሽ ይችላል። በየጠዋቱ በለስላሳ ብሩሽና በቀዝቃዛ ውኃ ታጥቦ በጥላ ሥር መቀመጥ አለበት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የምራቅ መብዛት ወይም የአፍ መድረቅ፣ ጠዋት ላይም የመንጋጋ ሕመም ያጋጥማል። በዓመታት ውስጥም የጥርስ አገጣጠም ሊለወጥ ስለሚችል ክትትሉ የማያቋርጥ ነው።

በሌላ በኩል ማንኛውም መሣሪያ የእንቅልፍ ሰዓትን አይተካም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ደግሞ ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ደንግጓል። አራት ሰዓት ብቻ ተኝቶ ለሚነሣ አሽከርካሪ ጉሮሮው ቢከፈትለትም እንቅልፉ አልሞላለትም። ሕክምናው ውጤት የሚያመጣው ከጉዞ መርሐ ግብርና ከማረፊያ ቦታ መሻሻል ጋር ሲቀናጅ ነው።

ከዚህ አኳያ የመንግሥት አካላት ሚና ከቀላሉ ሊጀምር ይችላል። መንጃ ፈቃድ ለማግኘትና ለማደስ የሚደረገው የጤና ምርመራ በአብዛኛው በዓይን፣ በጆሮና በአካል እንቅስቃሴ ላይ ያተኩራል። እ.ኤ.አ. በ2008 በካናዳ የተዘጋጀውና ስቶፕ ባንግ የተሰኘው መጠይቅ ስምንት ጥያቄዎች ብቻ ያሉት ሲሆን፣ ስለ ማንኮራፋት፣ ስለ ቀን ድካም፣ ስለ ታየ የትንፋሽ መቋረጥ፣ ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ክብደት፣ ስለ ዕድሜ፣ ስለ አንገት ውፍረትና ስለ ጾታ ይጠይቃል። አንድ የጤና ባለሙያ በሜትርና በሚዛን ብቻ በደቂቃዎች ሊጨርሰው ይችላል። ተጠርጣሪ ሆነው የተገኙትም አንድ ሌሊት ትንፋሽን፣ ኦክስጅንንና የልብ ምትን በሚመዘግብ ተንቀሳቃሽ መሣሪያ ሊመረመሩ ይችላሉ። ከሰመራ አቅራቢያ የሚገኘው የዱብቲ ሆስፒታልና የሰመራ ዩኒቨርሲቲ ለእንዲህ ዓይነቱ የሙከራ ሥራ በቦታ አቀማመጣቸው ተስማሚ ናቸው። የጥርስ ሐኪሞችን የሚያሠለጥኑ ዩኒቨርሲቲዎችም የመሣሪያውን አሠራር በትምህርታቸው ቢያካትቱ አገልግሎቱ ከአዲስ አበባ ውጭ ሊደርስ ይችላል።

ከሁሉም በላይ ግን አንድ የፖሊሲ ጥያቄ ምላሽ ይሻል። ሕመሙን የተናገረ አሽከርካሪ መንጃ ፈቃዱን የሚነጠቅ ከሆነ ማንም አይናገርም፣ መጠይቁም በሐሰት ይሞላል። የቤተሰቡ እንጀራ በመሪው ላይ የተንጠለጠለ ሰው እንቅልፉን መደበቁ አያስገርምም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣውና ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው መመሪያ መካከለኛ ወይም ከባድ ሕመም ያለበት አሽከርካሪ ሕመሙን መቆጣጠሩን፣ ሕክምናውን መከታተሉንና የቀን እንቅልፉ መሻሻሉን በሕክምና ማስረጃ ካረጋገጠ ፈቃዱን ይዞ እንዲቀጥል ያስችላል። የከባድ ተሽከርካሪ አሽከርካሪዎች ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ሌሎች ደግሞ ቢያንስ በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ በድጋሚ ይታያሉ።

ለአዋሽና ሰመራ መስመርም የሚበጀው ይኸው መንገድ ነው። የታመመን አሽከርካሪ ከመሪው ማራቅ ሕክምናው እስኪጀመርና ውጤቱ እስኪረጋገጥ ድረስ የሚቆይ ጊዜያዊ እርምጃ ሊሆን ይገባል። የትራንስፖርትና የጤና መሥሪያ ቤቶች ምርመራውን፣ ሕክምናውንና ወደ ሥራ መመለስን በአንድ አሠራር ካያያዙ፣ አሽከርካሪው ሐኪም ፊት የሚቀርበው አደጋ ካደረሰ በኋላ ሳይሆን አስቀድሞና በፈቃዱ ይሆናል።