በኋላ ጎማ ላይ

የፎገራን ሜዳ ያላየ ሰው ሜዳ ምን እንደ ሆነ አውቃለሁ ቢል አላምነውም። ከባሕር ዳር ተነሥቶ ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ወረታ ሲደርስ፣ በስተግራው በኩል እስከ ጣና ዳር ዐይኑን የሚያግድ ኮረብታ አያገኝም ለማለት ይቻላል። እንዲህ ባለው አገር ተቀምጦ «ለቢስክሌት የሚሆን ደልዳላ ቦታ አጣሁ» የሚል ሰው ቢገኝ አንባቢ ይስቅበት ይሆናል። ያ ሰው እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሜዳው ሜዳ ቢሆንም አፈሩ መረሬ ነው። በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሲተኙበት ጭቃው ጫማ ያስቀራል፤ በበጋ ሲደርቅ ደግሞ ተሰነጣጥቆ እግር ይውጣል። ለሩዝ ይስማማል፤ ለፎገራ ላምም ይስማማል፤ ለቢስክሌት ጨዋታ ግን አይሆንም። የቀረው አስፋልቱ ብቻ ነው፤ አስፋልቱም የአይሱዙና የባጃጅ ነው።

ይህን ማሰብ የጀመርሁት አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ነው። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዬ በአስፋልቱ ዳር የፊት ጎማውን ወደ ሰማይ አንሥቶ በኋላኛው ጎማ ብቻ ይነዳል። ጓደኞቹ ከኋላው እየሮጡ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ይቈጥሩለታል። ሰባት ላይ ሲደርሱ አንድ የጭነት መኪና ጥሩምባውን ነፋ። ልጁ ደንግጦ ወደ ቀኝ ወደቀ፤ መኪናው በግራው አለፈ። ወደ ግራ ወድቆ ቢሆን ኖሮ ይህ ጽሑፍ ሌላ ጽሑፍ በሆነ ነበር።

መምህሩ እንደ መሆኔ ልገሥጸው ተጠጋሁ። ነገር ግን ከአፌ የወጣው ሌላ ነው። «ፍሬኑ ይይዛል?» አልሁት።

«የለውም፣ ቲቸር» አለኝ፤ አቧራውን ከሱሪው እያራገፈ።

ልጁ ጨዋታውን የተማረው በጓደኛው ስልክ ተንቀሳቃሽ ሥዕል አይቶ ነው። እኔም በዚያው ሌሊት ቁጭ ብዬ ተመለከትሁ። ጨዋታው የመጣው ከካሊፎርኒያ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ገደማ የዚያ አገር ልጆች የሞተር ቢስክሌት እሽቅድምድምን ለመኰረጅ በአፈር መንገድ ላይ ትንንሽ ቢስክሌቶችን ይነዱ ጀመር። ቢ ኤም ኤክስ የሚባለው ይኸው ነው። ወደ 1970 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ቦብ ሃሮ የተባለ ወጣትና ጓደኞቹ እሽቅድምድሙን ትተው ቢስክሌቱን ማስጨፈር ያዙ። ከዚያም መወጣጫና መዝለያ የማይፈልገው፣ በለጥ ያለ ቦታ ብቻ የሚሠራው ጨዋታ «ፍላትላንድ» ተባለ። ትርጕሙ «ሜዳማ አገር» ማለት ነው። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ብቻዬን ሳቅሁ።

የቢ ኤም ኤክስ እሽቅድምድም በ2000 ዓ.ም. በቤይጂንግ ኦሊምፒክ ገባ፤ በመወጣጫ ላይ የሚደረገው ትርኢትም በ2013 ዓ.ም. በቶኪዮ ተከተለው። ፍላትላንድ ግን እስከ 2016ቱ የፓሪስ ጨዋታ ድረስ ከደጅ ቀርቷል። ለማናቸውም ቢስክሌት ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኦሊምፒክ፣ ወደ ሜልበርን፣ በዘመተች ጊዜ ከሯጮቹ ጋር የቢስክሌት ተወዳዳሪዎችም ነበሯት። ቢስክሌት የዱርዬ ነው የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያስታውሱ መልካም ነው።

ወደ ልጁ ልመለስ። በማግሥቱ ጠርቼ አስፋልቱን እንዲተው፣ እኔም በበኩሌ ሌላ ቦታ እንድፈልግለት ተስማማን። አንድ የሩዝ ወፍጮ ባለቤት ሩዝ የሚያሰጣበት የሲሚንቶ ወለል አለው፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ባዶ ይሆናል። ለመንሁት፤ «ሩዝ ካለ ትወጣላችሁ» ብሎ ፈቀደ። ፍሬንም አስገጠምሁ።

የኋላ ጎማ ነገር ከፍሬኑ ይጀምራል። ጀማሪ ሁሉ የፊቱን ጎማ ለማንሣት በክንዱ ይታገላል፤ ክንድ ግን ሥራው ማንሣት አይደለም። ክንድ ተዘርግቶ ይቈያል፤ የሚያነሣው ወደ ኋላ የሚሄደው የሰውነት ክብደትና የፔዳሉ ግፊት ነው። ጎማው ከተነሣ በኋላ ያለው ነገር እረኛ ዱላውን በመዳፉ ላይ ከሚያቆመው ጋር አንድ ነው። ዱላው ወደ ፊት ሲያዘነብል መዳፍ ወደ ፊት ይሮጣል፤ ወደ ኋላ ሲያዘነብል መዳፍ ወደ ኋላ ይቀራል። በቢስክሌትም ፊቱ መውረድ ሲጀምር ፔዳል ይረገጣል፤ ወደ ኋላ ልትገለበጥ ስትል ፍሬን በአንድ ጣት ይነካል፤ ወዲያው ፊቱ ይወርዳል። ሚዛኑ ያለው ፍርሃት «በቃህ» ከሚለው ቦታ ትንሽ ወደ ኋላ አልፎ ነው። ፍሬን የሌለው ልጅ እዚያ ቦታ ላይ ሊደርስ አይችልም፤ ቢደርስም ተገልብጦ ነው። የኔው ተማሪ ከሰባት ያላለፈው ድፍረት አንሶት አልነበረም። ፍሬን በገጠምን በሁለተኛው እሑድ ሃያ ሦስት ተቈጠረለት።

እዚህ ላይ ብናቆም ጥሩ ነበር። እኔ ግን በስልኩ ያየሁት ነገር ዕረፍት ነሣኝ። እውነተኞቹ የሜዳ ተጫዋቾች ፔዳል አይረግጡም። በኋላው ጎማ ግራና ቀኝ አጫጭር የብረት በትሮች አሉ፤ ተጫዋቹ በእነርሱ ላይ ቆሞ፣ መሪውን ይዞ፣ በአንድ ጎማ እንደ እንዝርት ይሾራል። ቢስክሌቱን ወደ ሰውነቱ ሲያስጠጋ ይፈጥናል፤ ሲያርቀው ይዘገያል። ፊዚክስ ለሚያስተምር ሰው ከዚህ የበለጠ ፈተና የለም። ወደ ብየዳ ቤት ሄጄ ሁለት የውኃ ቧንቧ ቍራጭ አስቈረጥሁና በልጁ ቢስክሌት ላይ አሰርን። ልጁ ወጣበት፤ አንድ ዙር ዞረ፤ በሁለተኛው አንድ ነገር «ቀጭ» አለ።

የኋላ ጎማው መካከል ያለው ዘንግ ተጣሞ ነበር። የቢ ኤም ኤክስ ዘንግ 14 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ የተራው ቢስክሌት ዘንግ 10 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ክብደት ከመደገፊያው በራቀ ቍጥር ጕልበቱ እንደሚበዛ በዚያው ሳምንት ሰሌዳ ላይ የጻፍሁት እኔ ነኝ።

ሰኞ ጧት የልጁ አባት ከትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ቢስክሌቱ የልጁ አይደለም፤ የእሳቸው ነው። በየማለዳው ሁለት ጀሪካን ወተት ጭነው ወረታ ድረስ የሚመጡበት ነው። የዚያን ዕለት ወተቱን በሸክም አምጥተው ሲደርሱ ፀሐይ ከፍ ብላ፣ ደንበኛቸውም ከሌላ ገዝቶ ነበር።

«መምህር» አሉኝ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ «እኔ ልጄን ፊደል ያስቈጥሩልኝ ብዬ ሰጠሁዎ። እርስዎ የወተቴን ፈረስ እስክስታ አስተማሩብኝ?»

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ አባቴ፤ ልጁን አይቈጡት» አልኋቸው። ሌላ የምለው አልነበረኝም። ዘንጉን አስለወጥሁ፤ የወተቱንም ዋጋ ከፈልሁ። የወተቱን ገንዘብ አልቀበልም ብለው ብዙ ተከራከሩኝ፤ በመጨረሻ ግማሹን መለሱልኝ። ያ ደንበኛ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም፤ እሱን መክፈል አልቻልሁም።

በወሩ ደመወዝ ባሕር ዳር ሄጄ አንድ ያገለገለ ባለ ሃያ ኢንች ቢ ኤም ኤክስ ገዛሁ። ቀለሙ የለቀቀ ነው፤ ዘንጉ ግን ወፍራም ነው፤ በሱቁ ውስጥ በማስመሪያ ስለካው ባለ ሱቁ እንደ ዕብድ አየኝ። አጭር ስለ ሆነ እንደ አጭር ዱላ ቶሎ ያዘነብላል፤ በሌላ በኩል ግን ሲያመልጥህ ዘለህ በእግርህ ለመቆም ይቀላል። ይህን የምለው ከልምድ ነው። ሦስት እሑድ ሙሉ የተማርሁት መሽከርከር ሳይሆን መውረድ ነው፤ ተማሪዎቼም ወለሉን ከብበው ውድቀቴን በጥንቃቄ ቈጠሩ።

ባለፈው እሑድ አባትዮው ወተታቸውን አድርሰው ሲመለሱ ወደ ወፍጮው ጎራ አሉ። ቢስክሌታቸውን ከግድግዳው አስጠግተው በሰንሰለት ቈለፉት፤ ቍልፉንም ደረት ኪሳቸው ከተቱት። ከዚያ ከጆንያ ላይ ተቀምጠው ልጃቸው በኔ ቢስክሌት አራት ዙር ሲሾር ዝም ብለው አዩ።

«አምስተኛውስ?» አሉት ሲወርድ።