ለቀበሌ ሚሊሻ ክላሽ አይሰጥ

ሚሊሻ ይታጠቅ ወይስ አይታጠቅ የሚለው የዛሬ ጉዳዬ አይደለም። በጌዴኦ ደጋ፣ በቡሌ ወረዳ ዳር ባሉ ቀበሌዎች ፖሊስ እስኪደርስ ሊነጋ ይችላል። ሰዉ ከብቱንና ቤቱን የሚጠብቅለት ይፈልጋል፣ ስለዚህ ሚሊሻው መሣሪያ ይይዛል። እኔን የሚያከራክረኝ የትኛውን ይያዝ የሚለው ነው። ሹሙም ገበሬውም መልሱ ያለቀለት ይመስላቸዋል፦ "ይሄን አሮጌ ኤስ ኬ ኤስ ሰብስቡና ክላሽ ስጡት።" እኔ ተቃራኒውን እላለሁ። ኤስ ኬ ኤሱ ይቆይ። ክላሽ የያዘም ካለ ቢቻል ይቀየርለት።

(ቡሌ ስል የጌዴኦዋን ቡሌ ነው። ከምዕራብ ጉጂዋ ቡሌ ሆራ ጋር የሚያምታቱ ብዙ ናቸው፤ ያቺ የድሮዋ ሀገረ ማርያም ናት።)

መጀመሪያ "አሮጌ" የሚለውን ስድብ እንይ። ኤስ ኬ ኤስን የሠራው ሰርጌይ ሲሞኖቭ ነው፤ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሲል። ክላሽ የተከተለው በጥቂት ዓመታት ብቻ ነው። ሁለቱ የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው። ጥይታቸውም አንድ ነው፤ ያው 7.62 በ39 የሚባለው። ከኤስ ኬ ኤስ አፈሙዝ በሰከንድ 735 ሜትር ገደማ ይወጣል፣ ከኤኬኤም 715 ገደማ። "ክላሽ ይበረታል" የሚል ሰው የሚያወራው ስለ ድምፁ ወይም ስለ ስሙ መሆን አለበት፤ የሚመታው ነገር ልዩነቱን አያውቀውም። እንዲያውም የኤስ ኬ ኤስ በርሜል ከአሥር ሳንቲ ሜትር በላይ ይረዝማል፣ በፊትና በኋላ ማነጣጠሪያው መካከል ያለው ርቀትም ይሰፋል። ሥልጠናው ትንሽ የሆነ ሰው አልሞ ለመምታት ይህ ያግዘዋል።

ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? ኤስ ኬ ኤስ ከፊል አውቶማቲክ ነው። ቃታ በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ይወጣል፣ ጣት ካልተነሳና እንደገና ካልተሳበ ሁለተኛው የለም። አሥር ይጎርሳል፣ ካዝናው ከራሱ ጋር የተያያዘ ነው። ክላሽ ሠላሳ ይይዛል፣ በነጠላም በሩምታም ይተኩሳል። የሩምታው ፍጥነት በደቂቃ 600 ገደማ ነው። ለብዙ ሰው ይህ ሲነገረው ክርክሩ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ሠላሳ ከአሥር ይበልጣላ! እኔ ግን የሚያስፈራኝ ይኸው ነው። በዚህ ፍጥነት ሠላሳ ጥይት ሦስት ሰከንድ ነው።

የክላሽን መምረጫ እስቲ አስቡት። በቀኝ በኩል ያለው ረጅም ብረት ላይ ሲሆን ተቆልፏል። አንድ ደረጃ ዝቅ ሲል ሩምታ ነው። እስከ ታች ሲወርድ ነጠላ ነው። የሠሩት ሰዎች ይህን ያደረጉት የደነገጠ ወታደር ብረቱን በኃይል እስከ ታች ስለሚያወርደው ነው የሚሉ አሉ። ለሠለጠነ ወታደር ይሁን እሺ። ጉም በሸፈነው ሌሊት፣ እጁ በብርድ የደነዘዘ፣ ብረቱ "ቀጭ" ሲል ውሻ እንዳይጮህበት ቀስ አድርጎ የሚገፋ ገበሬስ? እሱ የሚቆመው መጀመሪያው ደረጃ ላይ ነው። "ማን ነህ?" ብሎ መልስ ሳያገኝ ቃታውን ቢስብ፣ የመጀመሪያው ጥይት ምናልባት ያነጣጠረበት ይሄዳል። ሁለተኛውና ሦስተኛው አፈሙዙን ወደ ላይና ወደ ጎን ይዘውት ይነሳሉ። የቀሩት የት እንደሄዱ የሚታወቀው ሲነጋ ነው።

የት ይሄዳሉ? ጌዴኦ ኦጋዴን አይደለም። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ በዞኑ ከ847 ሺህ በላይ ሰው ተቆጥሯል፣ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ወደ 700 ሰው ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የጨመረውን እናንተው ገምቱ። ይህ ጥይት ዒላማውን ሲስት ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ሊጓዝ ይችላል። በእኛ መንደሮች ሁለት ኪሎ ሜትር ማለት ስንት ጓሮ፣ ስንት የሣር ቤት፣ ስንት የተኛ ልጅ ማለት ነው? የእንሰት ግንድ ጥይት አያቆምም፣ የቀርከሃ ግድግዳም እንዲሁ። "ሚሊሻው ወደ ሌባ ነው የተኮሰው" የሚለው ማብራሪያ ከኋላ ላለው ቤት ምን ይጠቅመዋል?

የሚሊሻውን ሥራ እንደገና እንቁጠር። ሌሊት ዞሮ ይጠብቃል። የከብት ሌባ ያሯሩጣል። መጥሪያ የሚያደርሰውን ሰው ያጅባል። ገበያ ሲታመስ መሐል ይገባል። ፖሊስ እስኪመጣ ሰው ይዞ ይቆያል። ከእነዚህ ውስጥ ሩምታ የሚጠይቀው የትኛው ነው? ሩምታ ለጦርነት የተፈጠረ ነው፤ የፊት ለፊቱ ጠላት አንገቱን እንዳያነሳ፣ ጓደኛህ ወደፊት እንዲሮጥ። የቀበሌ ጥበቃ ጦርነት ሲሆን ደግሞ ጉዳዩ ከሚሊሻው እጅ ወጥቷል፣ የመከላከያና የፌደራል ፖሊስ ነው።

ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ ሲገባ እግረኛው ይዞት የነበረው የአሜሪካኑ ኤም ዋን ጋራንድ ስምንት ጥይት ይጎርሳል፣ በነጠላ ብቻ ይተኩሳል። መትረየስና መድፍ እንዳገዘው አልረሳሁም። ግን ኮረብታ ለመያዝ ስምንት ከበቃ፣ በግ ለማስጣል አሥር አነሰ ማለት ያሳፍራል። ጋራንዱ ዛሬ ለእኛ አይሆንም፤ ጥይቱ ሌላ ነው፣ ክብደቱም ከአራት ኪሎ ያልፋል። ምንሽርና ቤልጅግ በየቤቱ ሊኖሩ ይችላሉ፣ ለለቅሶና ለፉከራ።

ለክላሽ የሚቆሙት ያላቸውን ልስጣቸው። ክላሽ አጭር ነው፤ ሞተር ሳይክል ላይም እንሰት ውስጥም አያስቸግርም፣ ኤስ ኬ ኤስ ግን አንድ ሜትር ከሁለት ሳንቲ ሜትር ነው፣ ቅርንጫፍ ሁሉ ይይዘዋል። መለዋወጫ በየቦታው አለ። ካዝናው ስለሚወጣ መሙላት ይፈጥናል። ክብደትን በተመለከተ ግን አይሸውዷችሁ። ባዶውን ኤስ ኬ ኤስ ወደ 3.9 ኪሎ ነው፣ ኤኬኤም ያለ ካዝናው 3.1። የብረት ካዝናው ሞልቶ ሲገባበት ልዩነቱ ይጠፋል ማለት ይቻላል።

ስለ ጽዳትም ልናገር፤ እዚህ ላይ ኤስ ኬ ኤስም ጉድ አለበት። የጥይቱን ቂጥ የሚመታው መርፌ በአሮጌ ቅባትና በቆሻሻ ተይዞ ወደ ፊት ከቀረ፣ ቃታ ሳይሳብ ጥይት ሊያፈነዳ ይችላል፤ አንዴ ከጀመረም እስኪያልቅ ሊቀጥል ይችላል። ኤስ ኬ ኤስን የምወድበትን ምክንያት በሙሉ የሚያጠፋ ችግር ነው። መፍትሔው ግን ርካሽ ነው፦ መርፌው ወጥቶ ይጸዳ፣ መሣሪያው ሲነቀነቅ መርፌው ወዲያና ወዲህ ሲንሸራተት ይሰማ። ሁለተኛው ችግር የሁለቱም ነው። የድሮ የምሥራቅ አገር ጥይት ብዙው ሲተኮስ በርሜል ውስጥ ጨው ይተዋል፣ ጨው ደግሞ እርጥበት ይስባል። እንደ ቡሌ ባለ ጉም በማይለየው ደጋ ያልታጠበ በርሜል ለመዛግ ብዙ አይቆይም። ዘይት ብቻ ጨውን አያጥበውም። መጀመሪያ ውኃ፣ ከዚያ ማድረቅ፣ ከዚያ ዘይት። የዩጎዝላቪያው ኤስ ኬ ኤስ ሲሆንማ በርሜሉ ውስጡ ክሮም ስላልተቀባ ይብሳል። "አሮጌ ነው፣ አይመታም" ከሚባለው መሣሪያ ስንቱ ያረጀ፣ ስንቱ ያልታጠበ እንደሆነ ማን ፈትሾ ያውቃል?

አሁን ወደ ከባዱ ክርክር። "ሁሉ ያምራል፣ ግን ማዶ ያለው ክላሽ ይዟል" ይባላል። ይህን የሚለው ሰው ሞኝ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ የጀመረውና ሰኔ ላይ የባሰው የጌዴኦና የምዕራብ ጉጂ ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው አፈናቅሏል። ያንን ያየ ሰው ሠላሳ ጥይት ቢመኝ አልፈርድበትም። ከዚያም ወደ ኋላ ሲኬድ፣ በዚህ አገር ጠመንጃ ተራ ብረት አልነበረም፤ የባለ መሬቱ ስም ራሱ ከነፍጥ የወጣ ነው። በ1952 ዓ.ም. ሚችሌ ላይ የጌዴኦ ገበሬ በጦርና በጎራዴ ጠመንጃ ከያዙት ጋር ሲገጥም ምን እንደደረሰበት ሽማግሌዎች ዛሬም ይናገራሉ። "መሣሪያ አይኑራችሁ" የተባለ ሕዝብ "ትንሹ ይበቃችኋል" ሲባል መቆጣቱ ይገባኛል።

ግን እንጠይቅ። በ2010 ያ ሁሉ ሰው ቤቱን ጥሎ የወጣው ሚሊሻው በደቂቃ 600 መተኮስ ስላልቻለ ነው? መንግሥት በሰዓቱ አልደረሰም። ማስጠንቀቂያው ከመንደር ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ሲንከባለል ጊዜው አለፈ። ሁለት ክልሎች በአንድ ችግር ላይ ሁለት ቋንቋ ተናገሩ። ክላሽ ከእነዚህ የትኛውን ያስተካክላል? ደግሞም በዚህ በኩል አንድ ቀበሌ ክላሽ ሲታደል ወሬው በማግስቱ ገበያ ላይ ነው፣ ገበያው ደግሞ የጋራ ነው። ማዶ ያለውም አባት በሬውን ሸጦ ክላሽ ይፈልጋል። የሁለቱም ልጆች በአንድ መንገድ ነው የሚያልፉት። ደም ሲፈስ ጎንዶሮ የሚያስፈጽሙት አባቶች ገዳዩን ለይተው፣ ገዳዩም አምኖ፣ ወገኖቹ ተገናኝተው ነው። በሩምታ በተተኮሰ ሌሊት ገዳዩን ማን ይለየዋል?

የጥይት ቆጠራ ነገርም አለ፤ ከሁሉ በላይ የምቆምለት እሱ ነው። አሥር ጥይት የተሰጠው ሰው ጠዋት ሲጠየቅ ስምንት ካሳየ ሁለቱ የት እንደሄዱ ይናገራል። ሠላሳ የተሰጠውና ሦስት ሰከንድ የተኮሰ ሰው "አለቀ" ብሎ ያልፋል። በሰርግና በለቅሶ ወደ ሰማይ የሚለቀቀው፣ በጎን የሚሸጠውም በዚችው "አለቀ" ስር ይገባል። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የግለሰብን መሣሪያ በፈቃድና በምዝገባ ሥር እንዲሆን አድርጓል። ገበሬው ሽጉጡን አስመዝግብ እየተባለ፣ መንግሥት ራሱ ያደለው ጥይት ሳይቆጠር ሊቀር አይገባም።

ስለዚህ ለዞኑና ለወረዳው የሚሊሻ ጽሕፈት ቤቶች ጥያቄዬ ይህ ነው። ያሉት ኤስ ኬ ኤሶች በአንድ ባለሙያ መርፌያቸው ይፈተሽ፣ በርሜላቸው ይታይ፣ የማይረባው ይወገድ። እያንዳንዱ ሚሊሻ በዓመት ጥቂት ቀን ዒላማ ይተኩስ፤ ብዙ ጥይት አይፈልግም። የመሣሪያው ቁጥር፣ የያዘው ሰው፣ የተሰጠውና የተመለሰው ጥይት በየወሩ ተጽፎ ለቀበሌው ሕዝብ ይነበብ፣ ሶንጎ ላይ ቢሆን ደግሞ የተሻለ፣ እዚያ ውሸት ቶሎ ይታወቃል። ይህን ሳያደርግ ክላሽ ይታደል የሚል ሹም ካለ፣ አምና ያደለው ጥይት እያንዳንዱ የት እንደተተኮሰ መዝገቡን ይዞ ይምጣና ያሳየን።