ተረት ነው ብለን አንለፈው

በክርክር ጊዜ ከአንዳንድ ጓደኞቻችን አፍ የማይጠፋ አንድ አባባል አለ፤ «ሕዝብ በተቸገረበት ዘመን የዘንዶና የጋኔን ታሪክ ምን ይጠቅማል? ኪነ ጥበብ እውነቱን ብቻ ይናገር» የሚል ነው፡፡ አባባሉ ከቅን ልብ የመነጨ ስለ ሆነ አንንቀውም፡፡ ነገር ግን ግማሽ እውነት ነውና ዝም ብለን ልናልፈው አልወደድንም፡፡ ስለዚህ ከሩቅ አገር አንድ ምስክር እናቀርባለን፤ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፡፡

በጃፓን አገር፣ በክዩሹ ደሴት ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ሚናማታ የምትባል ከተማ አለች፡፡ በዚያ ቺሶ የተባለው የኬሚካል ኩባንያ ፋብሪካ ከ1932 እስከ 1968 ድረስ ሜርኩሪ ያለበትን ፍሳሽ ወደ ባሕር ይለቅ ነበር፡፡ መርዙ ወደ ዓሣው፣ ከዓሣውም ወደ ድመቱና ወደ ሰው ገባ፡፡ ድመቶች እንደ ሰከረ ሰው እየተንገዳገዱ ባሕር ውስጥ ወደቁ፡፡ የአጥማጆቹም እጅ ይንቀጠቀጥ፣ አንደበታቸውም ይተሳሰር ጀመር፤ ከእናታቸው ማኅፀን ታመው የተወለዱ ሕፃናትም ነበሩ፡፡ በሽታው በ1956 በይፋ ታወቀ፡፡ የኩማሞቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም በ1959 መንስኤው ሜርኩሪ መሆኑን አመለከቱ፡፡ መንግሥት ግን የፋብሪካው ፍሳሽ ያመጣው ጣጣ መሆኑን ያመነው በ1968 ነው፡፡ እንግዲህ በነዚያ ዓመቶች የጐደለው እውነት አልነበረም፤ እውነቱን የሚሰማ ጆሮ ነበር እንጂ፡፡

በ1973 ፍርድ ቤት ኩባንያው ለሕመምተኞቹ ካሣ እንዲከፍል ፈረደ፡፡ ፍርዱ ተገቢ ነው፤ ቢዘገይም ይመሰገናል፡፡ ነገር ግን ባሕሩስ? ዓሣውስ? ድመቶቹስ? ከሳሽ ሆነው ሊቀርቡ አልቻሉም፤ በሕግ መጽሐፍ ውስጥም ስማቸው የለም፡፡

እዚህ ላይ ነው የምናብ ጥበብ የሚያስፈልገው፡፡ ኢሺሙሬ ሚቺኮ የተባለችው ደራሲ በሚናማታ የኖረች፣ ከሕመምተኞቹ ጋርም በትግላቸው የቆመች ሴት ናት፡፡ በ1969 የሕመምተኞቹን ሕይወት በመጽሐፍ አወጣች፡፡ ከብዙ ዘመን በኋላ ደግሞ «ሺራኑዊ» የተባለ ተውኔት በጥንታዊው የኖ ስልት ጻፈች፡፡ በተውኔቱ ውስጥ የባሕሩ ዘንዶ አምላክ ልጅ የምድሩንና የባሕሩን መርዝ ለማንጻት ስትደክም ሰውነቷ ያልቃል፤ በስቃይ የሞቱት ድመቶችም ለጭፈራ ይጠራሉ፡፡ ተውኔቱ በ2002 በቶክዮ ታየ፡፡ በ2004 ግን በሚናማታ በራሷ፣ በባሕሩ ዳር፣ በሜርኩሪ የተበከለው ጭቃ ተቀብሮ በተደለደለው መሬት ላይ ቀረበ፡፡ መድረኩ መቃብር ነበር ማለት ነው፡፡ ከሳሽ መሆን ያልቻለው ባሕር በዚያ ምሽት ፊትና ድምፅ አገኘ፡፡ ይህን የትኛው የቁጥር ሰንጠረዥ ሊያደርገው ይችላል?

ነገሩ ለሊቃውንት ብቻ የተተወ አይደለም፡፡ ሚያዛኪ ሃያኦ በ2001 ባወጣው «ስፒሪትድ አዌይ» በተባለው የሥዕል ፊልም አንድ የወንዝ አምላክ ሊታጠብ ይመጣል፡፡ ከመክረፋቱ የተነሣ ማንም ማንነቱን አላወቀም፡፡ አንዲት ልጅ ከጐኑ የተሰካውን ነገር ስታገኝ ብስክሌት ሆኖ ተገኘ፤ ሲጐተትም ብዙ ቆሻሻ ተከትሎት ወጣ፡፡ ይህን የሚያይ ሕፃን ይሥቃል፤ ሥቆም ሲያበቃ «ብስክሌቱን ማን ጣለው?» ብሎ ይጠይቃል፡፡ ጥያቄው ከተጠየቀ ተረቱ ሥራውን ሠርቷል፡፡

ይሁን እንጂ በባሕር ስም የሚሣለውን ሁሉ አናጨበጭብለትም፡፡ ፕላስቲክ የተጠመጠመባት ዓሣ መሳይ ቆንጆ ሥላችሁ፣ ተመልካቹ «እንዴት ታሳዝናለች» ብሎ የሚያልፍ ከሆነ ሥዕሉ ጌጥ ነው፡፡ እንዲያውም ኀዘናችንን ስላረካልን ከዝምታ የባሰ ሊሆን ይችላል፡፡ የኛ መመዘኛ አንድ ነው፤ ሥራው መርዙን ማን እንዳፈሰሰውና ዕዳው በማን ላይ እንደ ቀረ እንድንጠይቅ ያስገድደናል ወይስ አያስገድደንም?

አገራችን የባሕር ዳርቻ የላትም፤ ወንዝ ግን አላት፡፡ የአቃቂ ወንዝ የአዲስ አበባን የቆዳ ፋብሪካ እጣቢና የቤት ፍሳሽ ተሸክሞ ወደ አዋሽ ይወርዳል፤ በመንገዱም አትክልት ይጠጣዋል፡፡ አያቶቻችን ዛፉም ውሃውም አድባር አለው ይሉ ነበር፡፡ ወደ ዛፍ ቅቤ ቀቢነት እንመለስ አንልም፡፡ ነገር ግን «ባለቤት አለው» የሚለው አሳብ ሰው ወደ ምንጩ እንዳይተፋ ያደርገው እንደ ነበር አንርሳ፡፡ እኛ የተማርነው አድባሩን ስናባርር በቦታው ምን ተከልን?

ስለዚህ በመካከላችን ተውኔት የሚጽፉና ሥዕል የሚሥሉ ጓደኞቻችንን አንድ ነገር እንለምናለን፡፡ የአቃቂ አድባር በመድረካችን ላይ ወጥቶ ይክሰሰን፡፡ ነገር ግን ብዕሩን ከማንሣታችሁ በፊት ወደ ወንዙ ውረዱ፤ በዚያ ውሃ ጐመን ከሚያጠጣው ገበሬ ጋርም ተቀመጡ፡፡ ኢሺሙሬ ዘንዶውን የጠራችው ከሕመምተኞቹ አልጋ አጠገብ ከተቀመጠች በኋላ ነው፡፡