ሒሳብ የሌለው ተአምር

«ተረት ነው! ጥንቆላ ነው! ለተራበ ሕዝብ የሰርከስ አስማት ምን ይፈይድለታል? ላም አለኝ በሰማይ!» በሥነ ጽሑፍ ክበባችን ውይይት ላይ «ካርኒቫል» የተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ድራማ ገና ስሙ ሲነሣ እንዲህ ተብሎ ተወገዘ። ከአውጋዦቹ ስንቱ አይቶታል ቢባል መልስ የለም። ሳያዩ ማውገዝ ምን ይከብዳል? ሒሳብ አያስከፍል!

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። የዳንኤል ክናውፍ ድርሰት የሆነው ይህ ድራማ በኤች.ቢ.ኦ. ቴሌቪዥን ከ2003 እስከ 2005 (እ.ኤ.አ.) በ24 ክፍል ታየ። ታሪኩ የሚጀምረው በ1934፣ በኦክላሆማ ነው። የሣር ምድሩ ያለ ልክ ከታረሰ በኋላ ድርቅ ሲመታው፣ አፈሩ አቧራ ሆኖ ሰማይ የወጣበት ዘመን። ቤን ሆኪንስ የተባለው ወጣት እናቱን ሊቀብር ሲቆፍር፣ ጎጆውን የሚያፈርሰው ትራክተር መጥቶ ይገተርበታል። ታዲያ ለቀብሩ የደረሱለት፣ ልጁንም ይዘውት የሄዱት እነማን ናቸው? ከከተማ ከተማ የሚንከራተቱ የሰርከስ ሰዎች! ድንኩ፣ ጺማሟ ሴት፣ ዕውሩ ጠንቋይ። ይህ ነው ከኑሮ መሸሽ?

ቤን እጁን ጭኖ ይፈውሳል። የድራማው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ሽባዋን ልጅ ባቆማት ጊዜ በአካባቢው ያለው ሰብል ይደርቃል። እባብ ነድፏት የሞተችውን ሩቲን ለማስነሣት ደግሞ የሌላ ሰው ነፍስ ያስፈልጋል፤ ቤን ዕውሩን ሎድዝን በገዛ እጁ አንቆ ይገድላል። ሕይወት ከባዶ አትመጣም። አንዱ ጋ ከሞላ፣ ሌላው ጋ ጎድሏል ማለት ነው። ፈዋሹም ይህን እያወቀ፣ ጸጸቱን ተሸክሞ ይኖራል።

ካሊፎርኒያ ላይ ደግሞ ወንድም ጀስቲን የሚባል ሰባኪ አለ። ከድርቁ የሸሸውን ድሃ ይሰበስባል፣ በሬዲዮ ይጣራል፣ «አዲሲቱ ከነዓን» የሚል ሰፈር ይተክላል። ዋጋው ስንት ነው? ትንፍሽ አይልም። ከፋዩ ማን ነው? እሱ እንዳልሆነ የታወቀ ነው። ይህ ሰው ደግሞ ከደራሲው ምናብ ብቻ የወጣ አይምሰላችሁ። በዚያው ዘመን ቻርልስ ኮግሊን የተባለ የካቶሊክ ቄስ በሬዲዮ ሚሊዮኖችን አስከትሎ ነበር፤ ለድሃው እቆረቆራለሁ ብሎ ጀምሮ፣ በአይሁዶች ላይ ጥላቻ በመዝራት ጨረሰ።

ጉድለቱን አልሸፋፍንም። ድራማው አንዳንዴ መከራውን ሁሉ የብርሃንና የጨለማ ፍጡራን ጠብ ሊያደርገው ይቃጣዋል። ማረሻና ባንክ ያደረሱትን በሰይጣን ማላከክ አይሆንም። ትችታችሁ ይህ ከሆነ አብሬያችሁ ነኝ። ደግሞም ስድስት ምዕራፍ ታስቦለት በሁለተኛው ስለተቆረጠ፣ ብዙ ነገር ተንጠልጥሎ ቀርቷል።

ግን ወገኖቼ፣ ላሚቱን ሰማይ ላይ ያሰራት ማን ነው? ዋጋውን ፊት ለፊት የሚነግረን የሰርከስ ልጅ ነው ወይስ ያለ ዋጋ ተአምር የሚቸበችበው ሰባኪ? እኛም እኮ በየመድረኩ «ይህን ብቻ ተቀበሉ፣ ሁሉ ይሟላል» ሲባል አጨብጭበን እናውቃለን። አስማት ስላለበት ብቻ ድርሰት አንወግዝ። ይልቅ በድርሰትም ይሁን በመድረክ ተአምር ሲቀርብልን፣ ከማጨብጨባችን በፊት አንዲት ጥያቄ እንጠይቅ፦ የማን ማሳ ደርቆ ነው?